ዘፈኑን ያሳሳው ድራይቩ ነው? የአንድ ጎንደሬ ሙዚቃ ቤት የሲዲ ክምችት ጉዳይ

ፒያሳ አካባቢ ለረጅም ጊዜ ሙዚቃ ቤት የነበራቸው አንድ ሰው አሉ። ስማቸውን አልጠቅስም። በአካልም ጋሼ ነው የምላቸው፤ እዚህም ጋሼ እላቸዋለሁ። ሱቃቸው ከተዘጋ ቆይቷል። ሰው ዘፈን በፍላሽ ማስጫን ሲለምድ የሲዲ ገበያ ቀዘቀዘ። ቀጥሎ ኢንተርኔት ያለው ስልክ መጣና ማስጫኑም ቀረ። ለጋሼ የተረፋቸው ካርቶን ነው። አልጋ ሥር ካርቶን፣ ቁም ሳጥን ላይ ካርቶን፣ ከበሩ ጀርባ ካርቶን። ውስጡ ኦሪጅናል ሲዲ አለ፣ ቤት ውስጥ የተቀዳ አለ፣ የሰው ሠርግ ላይ አዝማሪ ሲጫወት የተቀረጸ አለ፣ መቶ ምናምን ዘፈን የታጨቀበት ኤምፒ3 ሲዲ አለ። ሁሉም ተደበላልቋል።

የእህታቸው ልጅ አዘዞ ላይ ካፌ አለው። "ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ሀብት አልጋ ሥር ከሚበላሽ ወደ ሃርድ ዲስክ እንገልብጠው" አላቸው። እሺ አሉ። ጭቅጭቁ የመጣው መገልበጥ ከጀመሩ በኋላ ነው።

ሁለት ኮምፒውተር ነበራቸው። አንዱ ከሱቁ የተረፈ ዴስክቶፕ ነው። ሲፒዩው ውስጥ (ሳጥኑን በሙሉ ሲፒዩ ማለት ለምዶብናል፤ እኔም ልማዴን አልተውም) ትልቁ ዓይነት ዲቪዲ ድራይቭ (ዲስክ ማንበቢያ) አለው። ሌላው የልጁ ላፕቶፕ ነው። የራሱ ድራይቭ ስለሌለው በዩኤስቢ የሚሰካ ስስ ድራይቭ ተገዝቶለታል። አንድ ኦሪጅናል ሲዲ በሁለቱም ገለበጡ። ጋሼ በኢርፎን ሰሙና ፈረዱ።

"የሲፒዩው ሙሉ ነው። ይኼኛው ሳስቷል። ባሱ የት ገባ?"

"ዲጂታል እኮ ነው ጋሼ። ወይ ዜሮ ነው ወይ አንድ። ድራይቩ ምን አገባው?"

"ስንት ዘመን ሙዚቃ የሸጥኩበት ጆሮ ነው። አንተ ልታስተምረኝ ነው እንዴ!"

በዚህ መሀል አንድ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴ ገባበት። "ለሙዚቃ ተብሎ የተሠራ" የሚለው ድራይቭ እንዳለውና ድምፁን እንደሚያሳምር ነገራቸው። ዋጋውን ሲሰማ ልጁ ቀኑን ሙሉ ሲያጉረመርም ዋለ። ጋሼ ግን ልባቸው ከጅሏል። እኔ ኮምፒውተር እጠግናለሁ፤ ድምፅ ቀረጻም እሞካክራለሁ። ለዚህ ነው የተጠራሁት። ጥያቄው አጭር ነው፤ ድራይቩ ይገዛ ወይስ ይቅር?

የደረስኩበትን አስቀድሜ ልናገር፣ ሰው እንዳላንጠለጥል። ድራይቭ ለድምፅ ጣዕም አይጨምርም፣ ከጣዕሙም አይቀንስም። ድራይቭ ከድራይቭ የሚለየው የተጎዳ ዲስክ ሲገጥመው ነው። ያኔም ትልቁ ልዩነት ማንበብ ሲያቅተው አቃተኝ ማለቱ ወይም አለማለቱ ላይ ነው።

መጀመሪያ ጆሮን ከጨዋታ ማስወጣት

ሶኒና ፊሊፕስ የሙዚቃ ሲዲን ደንብ ያወጡት በ1980 ነው፤ ገበያ ላይ የዋለው በ1982፣ ሁለቱም በፈረንጆች አቆጣጠር። በዚያ ደንብ መሠረት ድምፁ በሰከንድ 44,100 ጊዜ ይለካል፣ በግራም በቀኝም። እያንዳንዱ ልኬት ወይም ናሙና ባለ 16 ቢት ቁጥር ነው። ስለዚህ ሲዲ ላይ ያለ ዘፈን ረጅም የቁጥር ዝርዝር ነው። ሁለት ድራይቮች አንድ ዓይነት ዝርዝር ካስረከቡ ድምፁ አንድ ነው። ሞቃት ቁጥርና ቀዝቃዛ ቁጥር የሚባል ነገር የለም።

እንግዲህ ማን ትክክል እንደሆነ ለማወቅ ማዳመጥ አያስፈልግም። ፋይሎቹን ማወዳደር ይበቃል። በሁለቱም ኮምፒውተሮች ላይ ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ የሚባለውን ነጻ ፕሮግራም ጫንኩ። መቼቱን አንድ ዓይነት አደረግኩ። ያንኑ ሲዲ እንደገና በሁለቱም ገለበጥን፣ ሳይጨመቅ፣ በዌቭ ፋይል። ከዚያ አንዱን ከሌላው ጋር በቁጥር አስተያየሁ።

አይገጥሙም!

ጋሼ ከወንበራቸው ተነሡ። "አላልኩም?" አሉ። ልጁ ዝም አለ። ቡና እየቀረበ ስለነበር ለጥቂት ጊዜ ድሉን አጣጣሙት።

ግን አለመግጠሙ እንግዳ ዓይነት ነበር። ሁለቱን ፋይሎች ኦዳሲቲ በሚባል የድምፅ ሞገድ የሚያሳይ ፕሮግራም ላይ ከፍቼ እስከ መጨረሻው አጉልቼ ሳያቸው የሞገዱ ቅርጽ አንድ ነው። ልዩነቱ አንደኛው ትንሽ ቀድሞ መጀመሩ ብቻ ነው፣ በ96 ናሙና። 96 ለ44,100 ሲካፈል፣ አንድ ሰከንድ ለሺህ ቢከፈል ከሺዎቹ ክፍሎች ሁለቱን ያህል ነው።

ይህ ኦፍሴት ይባላል። የሙዚቃ ሲዲ ላይ እያንዳንዱ ናሙና የራሱ አድራሻ የለውም። ድራይቩ ወደ አንድ ቦታ ሂድ ሲባል በጥቂት ናሙና ቀድሞ ወይም ዘግይቶ ማንበብ ይጀምራል። ደስ የሚለው ነገር ስህተቱ አለመቀያየሩ ነው። አንድ ሞዴል ድራይቭ ሁልጊዜ በዚያው ቁጥር ነው የሚስተው። አንዱ በ6፣ ሌላው በ102፣ ሌላው በ667 ናሙና። ቁጥሩን ለፕሮግራሙ ከነገሩት አስተካክሎ ይገለብጣል።

ሁለቱንም አስተካከልኩና እንደገና ገለበጥን። አሁን ከመጀመሪያው ናሙና እስከ መጨረሻው አንድም ልዩነት የለም። ለጋሼ በቁጥር ማሳየት ስለማይበቃ ሌላ ነገር አደረግኩ። ኦዳሲቲ ላይ የአንዱን ፋይል ሞገድ ላዩን ታች፣ ታቹን ላይ አዞርኩትና ከሌላው ጋር ደመርኩት። ሁለቱ እኩል ከሆኑ ይጣፋሉ፤ የምትተርፍ ነገር ካለች እሷ ትሰማለች። ድምፁን እስከ ጥግ ከፍተን አጫወትነው። ምንም የለም። ጋሼ ኢርፎኑን አውልቀው መሰካቱን አዩ።

ጋሼ ግን የሰሙት ልዩነት ነበር

እዚህ ላይ ብዙ ሰው "ያው ሐሳብዎ ነው" ብሎ ይሄዳል። እኔ እንደዚያ ማለት አልወድም። ሙዚቃ ሲሸጡ የኖሩ ሰው ልዩነት አለ ካሉ የሆነ ነገር ይኖራል። ስለዚህ መጀመሪያ የገለበጧቸውን ፋይሎች አየኋቸው።

ሲፒዩው ላይ የነበረው አሮጌ ፕሮግራም ድምፅ ማስተካከያው ምልክት ተደርጎበት ነበር። ይህ ምርጫ ዘፈኑን ካነበበ በኋላ ከፍ ያደርገዋል፤ ጫፉ እስከ ጣሪያው አካባቢ እንዲደርስ። የላፕቶፑ ፕሮግራም ይህን አላደረገም፤ ሲዲው ላይ እንዳለው ነው ያስቀመጠው። ትንሽ ከፍ ያለ ድምፅ ደግሞ ለጆሮ ከፍ ያለ አይመስልም፤ ያማረ ይመስላል። በተለይ ባሱ ይሞላል። ሰው ሁሉ እንዲህ ነው። ሱቅ ውስጥ ስፒከር ሲሸጥ የኖረ ሰው ይህን ያውቃል። ጋሼም ስነግራቸው ፈገግ አሉ፤ ደንበኛ ሲያመነታ ድምፁን በአንድ ጣት ከፍ ማድረግ የድሮ ዘዴያቸው ነው።

ሁለቱን በእኩል ድምፅ አድርገን፣ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳናሳያቸው አሰማናቸው። አንዴ ይኼኛው፣ አንዴ ያኛው ይሻላል አሉ። በመጨረሻ ራሳቸው "ተዉት፣ አንድ ነው" አሉ።

ሌላም ቅሬታ ነበራቸው። አንድ የድሮ ሲዲ በየትኛውም ድራይቭ ቢገለበጥ ድምፁ የታፈነ ነው፤ ሲምባሉ ይሻክራል። ሽፋኑ የተባዛ ወረቀት ነው፣ ዲስኩ ደግሞ ቤት ውስጥ የተቀዳ። ኦዳሲቲ ላይ የድምፁን ስፔክትረም (ከወፍራሙ እስከ ቀጭኑ ድምፅ ያለውን ስርጭት) ስናይ ከ16 ኪሎኸርዝ በላይ በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል። ንጹሕ ሲዲ እስከ 22 ኪሎኸርዝ አካባቢ ይሄዳል። እንዲህ ዓይነቱ መቆረጥ በ128 ኪሎቢት የተጨመቀ ኤምፒ3 ምልክት ነው። አንድ ሰው ድሮ ኤምፒ3 አግኝቶ፣ መልሶ የሙዚቃ ሲዲ አድርጎ ቀድቶታል ማለት ነው። የወርቅ ድራይቭ ቢመጣ የተጣለውን አይመልስም። ከካርቶኖቹ ውስጥ እንዲህ ያለ ዲስክ ጥቂት አልነበረም፤ ወደ ጎን አወጣናቸው።

ድራይቭ የሚለይበት ቦታ

እስካሁን የተናገርኩት ለልጁ የሚያደላ ይመስላል። ንጹሕ ዲስክ ላይ አዎ፣ ድራይቩ ምንም አያገባውም። ካርቶኑ ውስጥ ግን ንጹሕ ዲስክ ጥቂት ነው።

ሲዲ ላይ ያለው መረጃ ጥበቃ አለው። ቁጥሮቹ በተርታ አልተቀመጡም፤ ተበታትነውና ተጨማሪ የማረሚያ ቁጥር ታክሎባቸው ነው የተጻፉት። መሠረቱ በ1960 ሪድና ሰለሞን የተባሉ ሁለት የሒሳብ ሊቃውንት ያወጡት ዘዴ ነው። ጭረቱ በትራኩ ርዝመት እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር ያህል ቢበላ እንኳ ድራይቩ የጠፋውን ቁጥር ከቀሩት አስልቶ ሙሉ በሙሉ ይመልሰዋል። ግምት አይደለም፤ ያንኑ ቁጥር ነው የሚመልሰው። ስለዚህ ብዙ የተጫጨረ ሲዲ ቢሆንም ቅንጣት ሳይጎድል ይገለበጣል።

ጭረቱ ከዚያ ሲበልጥስ? እዚህ ላይ የሙዚቃ ሲዲና የፋይል ሲዲ ይለያያሉ። ዲስኩ ሲጫወት በሰከንድ 75 ሴክተር (የመረጃ ክፍልፋይ) ይነበባል። የሙዚቃ ሲዲ አንድ ሴክተር 2,352 ባይት ሲሆን ሁሉም ድምፅ ነው። የፋይል ሲዲ ከዚያው ቦታ 2,048 ባይት ብቻ ለፋይሉ ይሰጣል፤ የቀረው ለአድራሻና ለሁለተኛ ዙር ማረሚያ ነው። ባለ 74 ደቂቃ ዲስክ ላይ 783 ሚሊዮን ባይት ሙዚቃ የሚገባው፣ ፋይል ሲሆን ግን 682 ሚሊዮን ባይት ብቻ የሚሆነው ለዚህ ነው። ፋይል ላይ አንድ ባይት ቢሳት ሰነዱ ይበላሻል። ሙዚቃ ላይ ግን መሐንዲሶቹ "ጆሮ ይቅር ይላል" ብለው አሰቡ። ያልተነበበውን ቁጥር ከፊቱና ከኋላው ባሉት መካከል ገምቶ መሙላት እንዲፈቀድ አደረጉ።

ቄስ ትምህርት ቤት ዳዊት ሲደግም አንድ ቃል የጠፋበት ልጅ ምን ያደርጋል? ዜማውን ሳያቋርጥ አጉረምርሞ ያልፋል። የኔታ ዓይናቸውን ከጨፈኑ ላይነቁበት ይችላሉ። ድራይቭም እንዲሁ ነው። አንዳንዱ "እዚህ ጋ አልቻልኩም" ብሎ ለኮምፒውተሩ ያስታውቃል። አንዳንዱ ያጉረመርምና ሁሉ ደህና ነው ይላል።

ይህን በዓይናችን ያየነው በአንድ የሠርግ ቅጂ ላይ ነው። በወቅቱ አዝማሪው በማሲንቆ ሲጫወት የተቀረጸ፣ ሌላ ቅጂ የሌለው ዲስክ ነው። በላፕቶፑ ሲገለበጥ ምንም ቅሬታ አልቀረበም፤ ፕሮግራሙ ሁሉም ደህና ነው አለ። በሲፒዩው ድራይቭ ግን አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቀጥ አለ። ፍጥነቱ ወረደ፣ ድራይቩ ጮኸ፣ ፕሮግራሙ ያንኑ ቦታ እየደጋገመ ማንበብ ጀመረ። ኤግዛክት ኦዲዮ ኮፒ ጥንቃቄ በሚያደርግበት ስልት አንድ ቦታ ላይ ልዩነት ካየ 16 ጊዜ ይደግማል፤ 8ቱ ካልተስማሙ እንደገና ሌላ 16። ልጁ "ያው፣ አሮጌው ድራይቭ ሞቷል" አለ። ቡናው ሁለተኛ እስኪደርስ ጠበቅን። ጨረሰ።

ሁለቱን ፋይሎች ጎን ለጎን አጉልተን ከፈትን። የማሲንቆ ሞገድ ሸካራ ነው። ጭራው በጭራ ሲፈተግ በየቅጽበቱ ትንንሽ ጥርስ ያወጣል። የሲፒዩው ፋይል ላይ ጥርሱ ሳይቋረጥ ይሄዳል። የላፕቶፑ ፋይል ላይ እዚያው ቦታ ስንደርስ ጥርሱ ይጠፋና በማስመሪያ የተሰመረ የመሰለ ቀጥ ያለ መስመር ይታያል። አጭር ነው። ከዚያ ጥርሱ ይመለሳል። ትንሽ አለፍ ብሎ ደግሞ ሌላ መስመር። በኢርፎን ሲሰማ ከደካማ "ጭ" የሚበልጥ አይደለም። ማሲንቆ ራሱ ጭ ጭ ስለሚል ማንም አይነቃበትም።

ጋሼ ዓይናቸውን ከስክሪኑ ሳያነሡ "ይኼ ድራይቭ ውሸታም ነው" አሉ። ትክክል ነበሩ። የጮኸው፣ የዘገየውና ያስጠበቀን ድራይቭ ሥራውን ሠርቷል። ፈጥኖ የጨረሰው ገምቶ ሞልቷል።

ግን አሮጌው ጀግና ነው ብዬ አልደመድምም። በሚቀጥለው ካርቶን ነገሩ ተገለበጠ። በቤት የሚቀዳ ሲዲ ብርሃን የሚያንጸባርቀው ፋብሪካ ከሚታተመው ያነሰ ነው። የሲፒዩው ድራይቭ ሌንስ ደክሟል፤ ውስጡም የዓመታት አቧራ አለ። አንዳንዶቹን ዲስኮች ጭራሽ "ዲስክ አስገባ" እያለ አልቀበልም አለ። ስሱ ድራይቭ ግን ያለ ችግር አነበባቸው። ሌንሱን በጥጥና በአልኮል ካጸዳሁት በኋላ አሮጌው የተወሰኑትን ተቀበለ፤ ሁሉንም አይደለም። የትኛው ይሻላል ለሚለው ጥያቄ መልሱ "ለየትኛው ዲስክ?" የሚል ነው።

ስሱም የራሱ ጣጣ ነበረው። አንድ ቀን ዲስክ እየያዘ ይለቃል፣ ቀጭ ቀጭ ይላል። ልጁ ከሌላ ዕቃ ጋር በአንድ የዩኤስቢ ማከፋፈያ ላይ ሰክቶት ነው። ዩኤስቢ 2.0 በደንቡ የሚሰጠው 500 ሚሊአምፔር ነው፤ እንዲህ ዓይነት ድራይቭ ዲስኩን ሲያስነሣ ከዚያ በላይ ሊፈልግ ይችላል። በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሲሰካ ቀጭ ቀጩ ቆመ። መብራት የሄደ ቀን ደግሞ ሲፒዩው ከነግማሽ ሥራው ይጠፋል። ስለዚህ ከባድ ዲስኮችን መብራት በማይቆራረጥበት ሰዓት እናደርግ ነበር።

ምስክር ከየት ይምጣ?

ውጭ ሀገር ሰዎች ይህን ሁሉ አይጨነቁም። አኩሬት ሪፕ የሚባል የመረጃ ቋት አለላቸው። አንድ ሰው ሲዲ ሲገለብጥ የፋይሉ ማረጋገጫ ቁጥር እዚያ ይላካል። ሌላ ሰው ያንኑ ሲዲ በሌላ ድራይቭ ሲገለብጥ ቁጥሩ ከገጠመ "ትክክል ነው" ይባላል። እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁ ሰዎች፣ የተለያየ ዲስክና የተለያየ ድራይቭ ይዘው አንድ ቁጥር ላይ ከደረሱ ስህተት ሊሆን አይችልም ማለት ይቻላል።

ከጋሼ ካርቶን ውስጥ አንድ የታወቀ የውጭ ሲዲ አስገባን፤ ቋቱ ወዲያው አወቀው። የሁለቱን ድራይቮች ኦፍሴት ያረጋገጥኩትም በሱ ነው። የአማርኛዎቹን ስናስገባ ግን አንድ በአንድ "አይታወቅም" እያለ መለሰ። የሠርጉ ቅጂማ ከየት ይታወቃል! አንድ ብቻ ነው ያለው።

ለእኛ ሀገር ዲስክ የሃርድዌር ጥያቄ ክብደት የሚያገኘው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ምስክር የሚሆን ቋት ከሌለ ምስክሩ ሁለተኛው ድራይቭ ነው። ነገር በሁለት ምስክር ይጸናል ይባል የለ? አንድ ድራይቭ ሁለት ጊዜ አንብቦ ቢስማማ አያስተማምንም። አንደኛ፣ ብዙ ድራይቭ ያነበበውን ጊዜያዊ ማስታወሻው ውስጥ ይይዛል፤ ድገም ሲባል ዲስኩን ሳያይ ያንኑ መልሶ ሊሰጥ ይችላል። ፕሮግራሙ ይህን እንዲከላከል መቼቱ መስተካከል አለበት። ሁለተኛ፣ ከዲስኩ ቢያነብም እንኳ ያው ሌንስ ያው ጭረት ላይ በተመሳሳይ መንገድ ሊስት ይችላል። ሌላ ፋብሪካ የሠራው ድራይቭ ግን በሌላ መንገድ ነው የሚስተው። ሁለቱ ከተስማሙ እረፍ፤ ካልተስማሙ ፈልግ።

ውሸታም የተባለው ድራይቭ ሳይቀር ለምስክርነት ጠቀመ። ብቻውን ቢሆን አላምነውም። ከሌላው ጋር ቁጥሩ ሲገጥም ግን አምነዋለሁ፤ ሁለት የተለያዩ ድራይቮች አንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት የፈጠራ ቁጥር ይሰጣሉ ማለት ዘበት ነው።

ምን ተወሰነ?

የነጋዴው ድራይቭ አልተገዛም። ጋሼ ራሳቸው ናቸው የተዉት። "ያማረ ድምፅ የሚሸጥልኝ ሳይሆን ያልሰማውን ሰማሁ የማይል ነው የምፈልገው" አሉ። በምትኩ ከተበላሹ አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ የወለቀ፣ ከሌላ ፋብሪካ የመጣ ተራ ድራይቭ ከአንድ ጥገና ቤት ገዛን። ከአንድ ምሳ ዋጋ ብዙም አይበልጥም። ሲፒዩው ውስጥ ከአሮጌው አጠገብ ገጠምኩት። አሁን ሦስት ሆኑ።

አሠራሩ እንዲህ ሆነ። መጀመሪያ ኤምፒ3 ሲዲዎቹ ተለዩ። እነሱ ላይ የሚገለበጥ ሙዚቃ የለም፤ ያለው ፋይል ነው፣ ያንን መቅዳት ብቻ ነው። ሁለተኛ ዙር ማረሚያ ስላለው ወይ በትክክል ይቀዳል ወይ አልቻልኩም ይላል። ልጁ የተናገረው "ወይ ዜሮ ወይ አንድ" በትክክል የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የሙዚቃ ሲዲዎቹ ደግሞ በሁለት ድራይቭ ተገልብጠው ይወዳደራሉ። ከገጠሙ አንዱ በፍላክ ይቀመጣል። ፍላክ ድምፁን ሳይነካ የሚጨምቅ ነው፤ ቦታው ብዙ ጊዜ ወደ ግማሽ ገደማ ይቀንሳል። የዋናውን ድምፅ ማረጋገጫ ቁጥርም ፋይሉ ውስጥ ይይዛል፤ ከዓመታት በኋላ ሃርድ ዲስኩ ቢያበላሸው ይታወቃል። ለካፌው ስልክ የሚሆነው ኤምፒ3 ከዚያ ይወጣል። ዋናው አይነካም።

ካልገጠሙ ዲስኩ ይታጠባል። ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ፤ ከመሀል ወደ ዳር። ክብ እየዞሩ መጥረግ ክልክል ነው፤ ትራኩን ተከትሎ የሚሄድ ጭረት ከሚያቋርጠው የከፋ ነው። ከታጠበ በኋላ በዝቅተኛ ፍጥነት ይሞከራል። ዝግታ ንጹሕ ዲስክ ላይ ምንም አይጠቅምም፤ የተጎዳው ላይ ግን አንዳንዱን ድራይቭ ይረዳዋል። ቁጥር አንዱ መድኃኒት ግን መታጠቡ ነበር። ልጁ በተለይ በዚህ ተገረመ፤ ያ ሁሉ ክርክር ሳሙና የሚፈታው ሆኖ ሲያገኘው።

አንዳንዱን ሳሙናም አልፈታው። ሰው ሁሉ ሲዲ ሲይዝ የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ጎን ነው። መረጃው ያለበት ንጣፍ ግን ለጽሑፉ ጎን ነው የሚቀርበው፤ ከላዩ ያለው ስስ ቫርኒሽ ብቻ ነው። ከታች ያለው ከ1 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ ፕላስቲክ ጭረት ይችላል፤ የላዩ አይችልም። ከሠርግ ቅጂዎቹ በአንዱ ላይ አንድ ሰው የሙሽሮቹን ስም በእስክሪብቶ ተጭኖ ጽፎበታል። ዲስኩን ወደ መስኮት ከፍ አድርገን ስናየው በፊደሎቹ ቅርጽ ብርሃን ያሳልፋል። እዚያ ቦታ ላይ የሚነበብ ነገር የለም። ድራይቭ ቢቀያየር ያው ነው። ከስሙ ውጭ ያለው ዘፈን ግን በሁለት ድራይቭ ገጥሞ ወጥቷል።

ጋሼ አሁን የሚጠይቁኝ ስለ ድምፅ ጣዕም አይደለም። "ገጠመ?" ነው የሚሉት። ለያንዳንዱ አልበም ማኅደር ውስጥ የሁለቱ ድራይቮች የንባብ መዝገብ አብሮ ይቀመጣል። ያልገጠሙት ለብቻቸው "ያልተረጋገጠ" በሚል ማኅደር ናቸው፤ የትኛው ደቂቃ ላይ እንደሚለያዩ ልጁ ጽፎባቸዋል። ባሕር ዳር ያለ አንድ ጓደኛዬ ሌላ ዓይነት ድራይቭ አለው። ሲመጣ ይዞት ይመጣል፤ እነዚያን በሱ እንሞክራቸዋለን።